በአጥር ቀዳዳ የታየው ሸማኔ

አርባ ምንጭ ሄዶ ለማያውቅ ሰው ከተማዋ ሐይቅና አዞ ናት። እኔም ስነሣ የማውቀው ይህንኑ ነበር። ስመለስ ግን አንድም የአዞ ፎቶግራፍ ስላላመጣሁ፣ የመሥሪያ ቤት ባልደረቦቼ በእርግጥ መሄዴን ተጠራጠሩ። ይህን ማስታወሻ የጻፍኩት ያኔ፣ በደርግ ዘመን፣ በተመለስኩ ሰሞን ነው። መሳቢያ ውስጥ ቆይቶ አሁን የወጣው የሚጎዳው ሰው ስለሌለ ነው። ያም ሆኖ የሰዎቹን ስም ቀይሬዋለሁ፤ መጨረሻው ላይም አሁን ጥቂት መስመር ጨምሬበታለሁ።

ሥራዬ ፎቶግራፍ ማንሣት ነው። መሥሪያ ቤታችን የሰፊውን ሕዝብ የዕለት ኑሮ የሚያሳይ ኤግዚቢሽን ሊያዘጋጅ አስቦ፣ ለእኔ አርባ ምንጭ ያለችበት ጋሞ ደረሰኝ። አለቃዬ ፎቶግራፍ የሚያነብበት የራሱ ደንብ ነበረው። የተነሣው ሰው ከሣቀ ብሩህ ተስፋ ነው። ካልሣቀ ቆራጥነት ነው። ካለቀሰ ፊልሙ ተበላሽቷል። እኔም ደንብ ነበረኝ። ሰው መነሣቱን ካወቀ ፎቶግራፉ ውሸት ነው፤ ከታጠበ በኋላ የተነካካም እንደዚያው። በዚህ ደንብ መሠረት እህቴን በሠርጓ ቀን ስታስነጥስ አንሥቻት እስከ ዛሬ ይነሣብኛል።

አንደኛው ቀን፤ ከአዲስ አበባ ሶዶ

አውቶቡሱ ሊነጋጋ ሲል ተነሣ። የካሜራውን ቦርሳ ጭኔ ላይ፣ ባለ ሦስት እግሩን ማቆሚያ በእግሮቼ መሐል ይዤ ነበር። ሁለተኛው ኬላ ላይ ሁላችንም ወረድን። ፈታሹ ወታደር ማቆሚያውን ከጨርቁ አወጣና፣

«ይሄ የማን መትረየስ ነው?» አለ።

ደብዳቤዬን አሳየሁት። ደብዳቤው ስለ እኔ እንጂ ስለ ማቆሚያው አይናገርም። ዘርግቼ፣ ካሜራውን ሰክቼ እንዴት እንደሚሠራ ሳሳየው፣ ሌሎቹ ወታደሮች ቀበቷቸውን እያስተካከሉ ከፊቴ ተሰለፉ። ካሜራው ውስጥ ፊልም አልነበረም። ሦስት ጊዜ «ቀጭ» አደረግኩላቸው፤ አመሰገኑኝ። ውሸት እጠላለሁ ብዬ ጽፌ ገና አንድ ገጽ ሳልጨርስ መዋሸቴን አውቃለሁ።

ሶዶ ያደርኩት ከአንድ የእህል ነጋዴ ጋር በአንድ ክፍል ነው። ነጋዴው ከመተኛቱ በፊት ስለ ማንኮራፋቱ ይቅርታ ጠየቀኝ፤ ከዚያም ቃሉን አከበረ። እራት ላይ ዳታ የሚሉትን የቃሪያ ድልህ አቀረቡልኝ። እኛ ቤት ሚጥሚጣ የሚደፍር ሰው ጎበዝ ይባላል። እዚያ ዳታውን በማንኪያ የሚበላ ሽማግሌ ከጎኔ ተቀምጦ ነበር፤ ማንም ጎበዝ አላለውም።

ሁለተኛው ቀን፤ ከሶዶ አርባ ምንጭ

ምዕራብ ዓባያ ስንደርስ ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ጎማ ሲቀይር እኔ ካሜራዬን አወጣሁ። ዓላማዬ ጥላ ሥር ያረፉትን መንገደኞች ሳያውቁ ማንሣት ነበር። ካሜራውን ወደ ዓይኔ ሳቀርብ ሁሉም ተነሡ። ነጠላ ተስተካከለ፣ ንፍጥ ተጠረገ፣ ረጅሞቹ ከኋላ ሆኑ። «እንደነበራችሁ ሁኑ» ብላቸው ይበልጥ ቀጥ አሉ። አዲስ አበባ ውስጥ ሰው ካሜራ ሲያይ ፊቱን ያዞራል ወይም ለምን እንደሆነ ይጠይቃል። እዚህ ፎቶ መነሣት እንደ ብሔራዊ መዝሙር ነው፤ ሰው ተቀምጦ አይሰማውም።

ሙዝ የምትሸጥ ሴት በነፃ አንድ እጅ ሙሉ ሙዝ አስታቀፈችኝ። ለምን እንደሆነ ብጠይቃት «ከስታሃል» አለችኝ። የክፍያ ጠያቂ እንጂ የሙዝ ሰጪ ፊት አልነበራትም። እሷንም እንዳነሣት ስጠይቃት ቅርጫቷን በነጠላዋ ሸፈነችው፤ ዕቃዬ ሳይታጠብ አይነሣም ብላ።

ከሰዓት በኋላ ሲቀላ የሚባለው የአርባ ምንጭ የታችኛው ሰፈር ደረስን። ሙቀቱ ሌላ ነገር ነው፤ ፊልሜን ከአልጋው ሥር ከውኃ እንስራ ጎን አኖርኩት።

ሦስተኛው ቀን፤ አርባ ምንጭ

ጠዋት ፈቃድ ለመጠየቅ ሽቅብ ወደ ላይኛው ሰፈር፣ ወደ ሴቻ፣ ወጣሁ። መሥሪያ ቤቶቹ እዚያ ናቸው። ሹሙ ደብዳቤዬን ሁለት ጊዜ አነበበና፣

«የተፈቀደልህ የዕለት ኑሮ ነው» አለኝ። «ዛሬ ግን አጠቃላይ ስብሰባ ስላለ የዕለት ኑሮ የለም። ነገ ጀምር።»

ስለዚህ ቀኑን ሲቀላ ውስጥ ሸምሱ የሚባል ሰው ፎቶ ቤት ዋልኩ። ሸምሱ ከስልጤ አገር መጥቶ በመጀመሪያ ጨርቅ ነግዶ፣ ቀጥሎ ፎቶ ቤት የከፈተ፣ ጥርሱ ወርቅ የሆነ፣ ዝግ ብሎ የሚናገር ሰው ነው። ጨለማ ክፍሉን ለመከራየት ብጠይቀው፣ «እንግዳ አይከራይም» ብሎ ምሳ አስቀረበልኝ፤ የዓሣ ጉላሽና ሃላኮ የሚሉት የዛፍ ጎመን። ቤት ስመለስ እናቴ ጎመን ስታቀርብልኝ ዛፉ የት እንዳለ ጠየቅኳት።

የፎቶ ቤቱ ግድግዳ ላይ በቀለም የተሣለ ሐይቅ አለ፤ ጀልባና ነጭ ወፍ ያለበት። በመስኮት በኩል አሻግሮ ለሚያይ ደግሞ ዓባያ ሐይቅ ራሱ አለ። ደንበኛው ሁሉ ለመስኮቱ ጀርባውን ሰጥቶ በሥዕሉ ፊት ይነሣል።

«ለምን እውነተኛው ፊት አታነሣቸውም?» አልኩት።

«እውነተኛው ቀይ ነው። ደግሞ አዞ አለበት» አለኝ።

ሸምሱ ጠባሳ ያጠፋል፤ የወለቀ ጥርስ ይተክላል። ባሏ የሞተባት አንዲት ሴት ከባሏ ጋር ተነሥታ ስለማታውቅ፣ ከመታወቂያው ላይ ፊቱን ወስዶ ከጎኗ አቁሞላታል። ይህን ሲያሳየኝ አላስቻለኝም። ፎቶግራፍ ምስክር መሆኑን፣ ምስክር ደግሞ እንደማይዋብ በሰፊው አስረዳሁት።

«ይሄ ውሸት ነው» ብዬ ጨረስኩ።

«ባሏ አልነበረም?» አለኝ።

አራተኛው ቀን፤ ወደ ጨንቻ

ማዳበሪያ በጫነ መኪና ላይ ተጭኜ ወደ ጨንቻ ወጣሁ። ታች በሸሚዝ ብቻ ያልበኝ ነበር፤ ምሳ ሳይደርስ ግን ጥርሴ ይንገጫገጭ ጀመር። ደጋው ጉም ነው። ቀርከሃው፣ እንሰቱ፣ ሰዉ ከጉም ውስጥ ብቅ ብሎ ተመልሶ ይገባል። መምህር ዘለቀ የሚባሉ የትምህርት ቤት ሰው ደብዳቤዬን ሳያዩ ቤታቸው አሳደሩኝ። ባለቤታቸው የተቀቀለ ድንችና ፎሶሴ፣ ማለትም ከጎመን ጋር የተቀቀለ የዱቄት ድብልብል፣ አበሉኝ፤ ቡሉኮም ደረቡልኝ። ቡሉኮው ከመክበዱ የተነሣ ሌሊቱን በአንድ ጎን ብቻ አደርኩ።

ማታውን የሸማኔዎች ኅብረት ሥራ ማኅበር ሊቀመንበር ሊጠይቁኝ መጡ። ካኪ የለበሱ፣ ቅን ሰው ናቸው። በማግስቱ ሸማኔዎቻቸውን ሰብስበው እንደሚያስነሡልኝ ቃል ገቡ። እኔ ግን «ሰብስቤ» ሲሉ ከወዲሁ አዘንኩ።

አምስተኛው ቀን፤ ጨንቻ

ከሊቀመንበሩ ለማምለጥ ማልጄ ብቻዬን ወጣሁ። በአንድ የቀርከሃ አጥር ሥር ሳልፍ የሸማኔ መወርወሪያ ድምፅ ሰማሁ። ቀዳዳ ፈልጌ አየሁ። ጎጆ ደጃፍ ላይ፣ ከዳሱ ሥር፣ አንድ ሰው ጋቢ ተከናንቦ፣ ጀርባውን ለእኔ ሰጥቶ፣ እግሩን ጉድጓዱ ውስጥ አድርጎ ይሸምናል። ከፊቱ ነጩ ድር እስከ ጉሙ ድረስ ተዘርግቷል። አንድ እጁ ለመወርወር ሲዘረጋ አነሣሁ። አንድ ጊዜ ብቻ። ያን ቀን የቀረውን ፊልም ሁሉ ብጥለው አይቆጨኝም ነበር።

ከሰዓት በፊት ሊቀመንበሩ አሥር ሸማኔ አሰልፈው አቆሙልኝ። ሁሉም ሣቁ፤ እንዲሥቁ ተነግሯቸዋል። አነሣኋቸው፤ አለቃዬ እንደሚወዳቸው አውቃለሁ። ስንጨርስ ጠዋት ስላየሁት ሸማኔ ለመምህር ዘለቀ ነገርኳቸው።

«ያ የአንጁሎ ግቢ ነው» አሉ።

ሊቀመንበሩ ይህን ሲሰሙ ወደ እኔ ዞሩ።

«አንጁሎን ሲሠራ አየኸው? በዓይንህ?»

«አይቼ አንሥቼዋለሁ።»

«ተገላገልኩ» አሉና ነገሩን አጫወቱኝ። አንጁሎ የአካባቢው ስመ ጥር ሸማኔ ነው። በቅርቡ ግን ዓይኑ ጠፍቷል የሚል ወሬ ይናፈሳል። ማኅበሩ ክር የሚያድለው ለሚሠራ እጅ ብቻ ስለሆነ፣ ከመዝገብ ይሰረዝ የሚሉ አባላት በርክተዋል። ከአራት ቀን በኋላ ስብሰባ አለ። «ጨርቁ በየሳምንቱ ይመጣል፤ ጥሩ ጨርቅ ነው። ወሬውን ግን በምን ልዝጋው? አሁን ፎቶህ አለ። ቢሮው ግድግዳ ላይ እሰቅለዋለሁ።»

«ሌላ ሰው ቢሠራለትስ?» አልኩ፣ ለወጉ ያህል።

«ማን? ወንድ ልጅ የለው። ያለችው ሚስቱ ማርታ ናት። በእኛ አገር ሴት ፈትል ትፈትላለች እንጂ እዚያ ጉድጓድ አትገባም። ሴት የሸመነችውን ማን ይለብሰዋል? ማኅበሩስ እንዴት ይረከበዋል?» ብለው ሣቁ። እኔም ሣቅሁ።

ስድስተኛው ቀን፤ ወደ ሸምሱ መመለስ

ወረድኩ። ጥጥ አራግፎ ከተመለሰ መኪና ላይ ስወርድ ባለ ነጭ ፀጉር ሆኜ ስለነበር ሲቀላ ላይ ሁለት ሰው «አባት» ብሎ መንገድ ለቀቀልኝ። ከሸምሱ ጋር ጨለማ ክፍል ገብተን ፊልሙን አጠብን፤ ያንን ፎቶግራፍ በሁለት ቅጂ አተምን፤ አንዱ ለሸማኔው፣ አንዱ ለሊቀመንበሩ። ሸምሱ ብርሃን ላይ አውጥቶ ረጅም ጊዜ አየው። ምላሱን በአድናቆት ቀጭ አደረገ። ከዚያ በጥፍሩ ጫፍ የተዘረጋውን እጅ አመለከተኝ።

«ይቺ ብልጭታ ዓይን ትሰርቃለች። ላጥፋልህ?»

«እንዳትነካት» አልኩት። እንደገናም ስለ ምስክር አስረዳሁት። ሻይ አፈላልኝ።

ሰባተኛው ቀን፤ አንጁሎ ቤት

ሊቀመንበሩና መምህር ዘለቀ አብረውኝ ሄዱ። ጋሽ አንጁሎ ከሸማኔ ዕቃው አጠገብ መደብ ላይ ተቀምጠው ጠበቁን። ሽበታም፣ ትከሻ ሰፊ ሰው ናቸው። ወደ ድምፃችን ፈጥነው ዞረው ሁላችንንም በስማችን ሰላም አሉን፤ የእኔን መምህሩ በር ላይ ሲጠሩት ሰምተው ነበር። ማርታ በር ሥር ቆማ እንዝርት ታሾራለች። ቤቱ ንጹሕ ነው፤ የጸሎት መጽሐፍ መሆኑን የገመትኩት ነገር ከጥጥ ቅርጫቱ ሥር ተወሽቋል፤ ጊዜው የጴንጤዎች ቸርች የተዘጋበት ነበርና እንዳላየሁ ሆንኩ።

ሊቀመንበሩ ስለ ዝናቡ ከመምህሩ ጋር ሲያወሩ፣ ፎቶግራፉን ለጋሽ አንጁሎ ሰጠኋቸው። በሁለት እጃቸው ተቀበሉ። ወደ ፊታቸው አቅርበው፣ ራቅ አድርገው፣ አንገታቸውን ነቀነቁ።

«ደስ ይላል» አሉ። «ራሴን መሰልኩ።»

ፎቶግራፉን የያዙት ገልብጠው ነው። ሸማኔው በጭንቅላቱ ተተክሏል፤ ድሩ ከሰማይ ወርዷል።

ያን ጊዜ ማርታ እንዝርቷን አስቀምጣ መጣች። ፎቶግራፉን ከእጃቸው ቀስ ብላ ወሰደች። እጇ ላይ ሁለት የነሐስ አምባር አለ። እኔ በእጄ ያለውን ሁለተኛ ቅጂ አየሁ። ያቺ ሸምሱ ያያት ብልጭታ ሁለት ነበረች።

ሰው ሳያውቅ ማንሣት ጎበዝ ነኝ ስል፣ ማንን እንዳነሣሁ ሳላውቅ ማንሣቴን አልቆጠርኩትም ነበር። አፈርኩ። ከዚያ ፈራሁ፤ ሊቀመንበሩ ዝናቡን ጨርሰው እጃቸውን ዘርግተዋልና።

«የእኔስ?»

ማርታ ፎቶግራፉን ጥጥ ቅርጫቷ ውስጥ ከታ ሸፈነችው። «ጭስ ያበላሸዋል» አለች፣ ወደ ማንም ሳታይ።

«የእርስዎ በደንብ አልታጠበም» አልኳቸው ሊቀመንበሩን። «ብሰጥዎ በወሩ ቢጫ ይሆናል። ለግድግዳ የሚሆን ሌላ አትሜ አመጣለሁ።»

«ከስብሰባው በፊት?»

«ከስብሰባው በፊት።»

እንግዳ ሲወጣ እስከ መንገድ መሸኘት ደንብ ነው። ሊቀመንበሩና መምህሩ ቀድመው ሲሄዱ ማርታ ከእኔ ጋር ቀረች። አማርኛዋ ከገበያ የተለቀመ ነው፤ ግን ይበቃታል።

«አየህ» አለችኝ።

«አየሁ።»

«እሱ ነው ያስተማረ። እጄን በእጁ ይዞ፣ አንድ ክረምት ሙሉ። አሁን አጠገቤ ቁጭ ይላል፤ ክር ሲበጠስ እሱ ይሰማል፣ እኔ ገና አላየሁም። ክር ከከለከሉ ምን እንበላለን? ከሁሉ የባሰ እሱ ይሞታል፤ ስሙ ከመዝገብ ሲወጣ።»

ቅርጫት ውስጥ ያለውን ፎቶግራፍ መልሺልኝ፣ እቀደዋለሁ አልኳት። ለእሷ ደኅንነት እንደሆነም አስረዳሁ። ቆመች።

«እሱ የኔ ነው» አለች። «ለቢሮ የምትሰጠውን አንተ ታውቃለህ።»

ስምንተኛው ቀን፤ ምላጩ

መኪና በማጣት ግማሹን መንገድ በእግሬ ወረድኩ፤ የቀኝ ጫማዬ ሶል አፉን ከፈተ። ፎቶ ቤት ስደርስ ሸምሱ አንድ ወታደር በሥዕሉ ሐይቅ ፊት ያነሣል። ጠበቅሁት። ወታደሩ ሲወጣ ኔጋቲቩን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩ።

«ያቺን ብልጭታ አጥፋልኝ» አልኩት።

ያስተማርኩትን ሁሉ መልሶ ያስተምረኛል ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። እሱ ግን መነጽሩን አደረገ፣ አዲስ ምላጭ ከወረቀቱ አወጣ።

«ሴትየዋ ታውቃለች?» አለኝ።

ሸምሱ ማወቁን ያኔ አወቅሁ። መቼ እንዳወቀ አልጠየቅሁትም። «ታውቃለች» አልኩት።

ነሐስ ሲያበራ ኔጋቲቭ ላይ ጥቁር ሆኖ ይወጣል። ጥቁሩን በምላጭ ጫፍ እየፋቁ ሲያሳሱት፣ ሲታተም ብልጭታው ከጥላው ጋር አንድ ይሆናል። የተፋቀ ኔጋቲቭ አይመለስም። ሸምሱ ትንፋሹን ይዞ ፋቀ፤ እኔም የያዝኩት ሳይታወቀኝ ነው። ሲጨርስ አተምነው። አንድ ሸማኔ፣ ጋቢ ለብሶ፣ ጌጥ የሌለበት እጁን ዘርግቶ። በሕይወቴ ካየሁት የሸምሱ ሥራ ሁሉ ንጹሑ ይህ ነው። ለሊቀመንበሩ ታትሞ የነበረውን የቀድሞ ቅጂ እዚያው ምድጃ ውስጥ ከተትኩት።

ዘጠነኛው ቀን፤ መጨረሻው

ጨንቻ ስደርስ ስብሰባው ሊጀመር ነበር። ሊቀመንበሩ ፎቶግራፉን አጉሊ መነጽር አምጥተው አዩት፤ አባላቱም ተቀባበሉት። ከሁሉም በላይ ስለ መሰረዝ ሲናገር የነበረው ጎልማሳ ሸማኔ ረጅም ጊዜ ያዘው።

«አዎ፣ አንጁሎ ነው» አለ በመጨረሻ። «በአወራወሩ አውቀዋለሁ።»

ክሩ እንዲቀጥል ተወሰነ። ፎቶግራፉ ከሊቀመንበሩ ወንበር በላይ ተሰቀለ።

ልሰናበት አንጁሎ ቤት ሄድኩ። ማርታ የሸማኔ ዕቃው ላይ ነበረች፤ ድምፄን ስትሰማ አልተነሣችም። ጋሽ አንጁሎ አጠገቧ ተቀምጠው ጆሯቸውን ወደ ድሩ አዘንብለዋል። ውሳኔውን ነገርኳቸው። ራሳቸውን ዝቅ አድርገው እግዜር ይስጥህ አሉኝ። እጃቸውን ቅርጫቱ ውስጥ ከተው ፎቶግራፉን ፈልገው አወጡና ሰጡኝ።

«እስቲ ንገረኝ» አሉ። «ምን ይታያል?»

ሥራዬ ይህ ሆኖ፣ ፎቶግራፍ ተናገር ተብዬ አላውቅም ነበር። ጉሙን ነገርኳቸው። የቀርከሃ አጥሩን፣ ዳሱን፣ የጋቢውን እጥፋት ነገርኳቸው። ከዚያ የተዘረጋውን እጅ ነገርኳቸው፤ አምባር እንዳለው፣ አምባሩ ሁለት እንደሆነ፣ እንደሚያበራ። አለቃዬ ቢሆን ስለ ቆራጥነት ይናገር ነበር፤ እኔም ቀድሞ ቢሆን ስለ እውነት። ጋሽ አንጁሎ እስክጨርስ ጠብቀው አንድ ነገር ብቻ ጠየቁኝ።

«ድሩ ተወጥሯል?»

ጎንበስ ብዬ አየሁ። እስከዚያች ደቂቃ ልብ ብዬው አላውቅም።

«ተወጥሯል፤ አንድም የረገበ ክር የለም።»

«እንግዲያውስ ጥሩ ሠርታለች» አሉ። ከኋላችን መወርወሪያው ለአፍታ ቆሞ እንደገና ቀጠለ።

አዲስ አበባ ስገባ አለቃዬ ከሁሉም ያንን የተፋቀውን መረጠ። በኤግዚቢሽኑ መግቢያ ላይ ተሰቀለ፤ ከሥሩ «ያልተነካካ፣ ያልተቀናበረ የሠርቶ አደሩ ኑሮ» የሚል ተጻፈበት። አላረምኩትም። ብዙ ሰው ቆሞ አየው። አንዱ ብቸኝነት ነው አለ፤ አንዱ የሥራ ፍቅር ነው አለ፤ አንዲት ተማሪ አባቷን እንደሚመስል ነገረችኝ፤ አመሰገንኳት። ብልጭታዋ ያለችበት ቅጂ በዓለም ላይ አንድ ብቻ ናት፤ እሷም ጨንቻ ጥጥ ቅርጫት ውስጥ ናት። ከዚያ በኋላም ብዙ ኤግዚቢሽን አሳየሁ፣ ብዙ ሰው ብዙ ነገር ጠየቀኝ። ድሩ ተወጥሮ እንደሆነ የጠየቀኝ ግን እስካሁን ጋሽ አንጁሎ ብቻ ናቸው።